ዓምድ የሌለው ቤተ ክርስቲያን

አርማታ የሚለውን ስም ያወጡለት የሥራ ባልደረቦቹ ናቸው። ገና የቀን ሠራተኛ ሳለ ከፎቅ ላይ የወረደ ጣውላ አናቱን ብሎ ዘረረው። ሁሉም ሞተ ብለው ሲሯሯጡ ብድግ አለና ደሙን በእጅጌው ጠርጎ፣ «ጣውላው ተሰንጥቋል፣ ሌላ አምጡ» አለ። ከዚያ ወዲያ እናቱ ያወጣችለትን ስም የሚጠራ ሰው ጠፋ። ፎርማን ሲሆንም አርማታ፣ ሲያገባም አርማታ። ሚስቱ በትክክለኛ ስሙ የምትጠራው ስትናደድ ብቻ ነው፤ ያን ስም ከሰማ ነገር እንዳለ ያውቃል።

ጥንካሬውን ግን ከሥራ አላገኘውም። ከዱላ ነው ያገኘው።

አባቱ ድንጋይ ጠራቢ ነበሩ። የከተማው አሮጌ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በእሳት ተቃጥሎ ሲታደስ፣ የዓምዶቹን አናት በቅጠልና በወይን ዘለላ ያስጌጡት፣ በትልቁ መሠዊያ ላይ ያሉትን መላእክት የቀረጹት እሳቸው ናቸው። ቤተ ክርስቲያኑ ረጅምና ጠባብ ነበር፤ ግድግዳው ወፍራም፣ መስኮቶቹ ቀጫጭን፣ መስታወታቸው ባለ ቀለም። በቀትር እንኳ ውስጡ ደንገዝገዝ ይላል። መሠዊያው ሩቅ፣ ከደረጃ በላይ፣ ከግድግዳው ጋር ተጣብቆ ተሠርቷል። ግራና ቀኝ የተደረደሩት ዓምዶች ሁለት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞ አያቅፋቸውም። እሑድ እሑድ ቅዳሴ ሲያልቅ ሰው በሩ ላይ ሽማግሌውን ከቦ፣ «እጅዎ ይባረክ! እንዴት ያለ እጅ ነው!» ይላቸው ነበር።

ያ የሚመረቅ እጅ ቤት ሲገባ ሌላ ነው። የቱንቢውን ገመድ አጥፈው ልጆቻቸውን ይገርፉበታል። አንድ ቅዳሜ ማታ፣ ለቅዳሴ የሚለብሱት ሸሚዝ አንገቱ ላይ በደንብ አልታጠበም ብለው ሚስታቸውን በእጃቸው ጀርባ መቱ። መንጋጋዋ ቀጭ ሲል አርማታ ጠረጴዛው ሥር ሆኖ ሰማ። በማግሥቱ እናቱ ፊቷን በሻሽ ጠቅልላ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ባልዋ ከፊት ወንበር፣ እሷ ከሦስተኛው ዓምድ ጀርባ ተቀመጡ። እዚያ የተቀመጠን ሰው ካህኑም አያየው፣ ምእመኑም አያየው። ከዚያ በኋላ ፊቷ በተበላሸ ቁጥር ቦታዋ ያ ሆነ።

አርማታ ጢም ሲያበቅል አባቱን መታቸው። ገመዱን ከእጃቸው ቀምቶ አንዴ ብቻ፣ አንገታቸው ላይ። በዚያው ቀን ልብሱ መንገድ ላይ ተወረወረ። ድንጋይ ላይነካ ምሎ ከአርማታ ሠራተኞች ጋር ገባ፤ ካሳፎርማ የሚባለውን የጣውላ ቅርጽ መምታት፣ የፌሮ ብረት ማሰር፣ ሲሚንቶ ማፍሰስ። እናቱ በሳምባ በሽታ ስትሞት ሩቅ ከተማ ነበር። ሲደርስ አፈሩ ደርቋል። መቃብሩ ላይ አባቱን ቢያገኛቸው ምን እንደሚያደርግ እያሰበ መጣ፤ እሳቸው ግን ከፊት ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው የሰው እግዜር ያጽናዎት ይቀበሉ ነበር።

በዚያ ቤት አራት ሰዎች ነበሩ፤ አራተኛዋ ታላቅ እህቱ ናት። እትዬ ነው የሚላት። የካህናቱን ልብስ የምትሰፋ ልብስ ሰፊ ናት፤ ሳታገባ፣ አባቷን እየጦረች ቀረች። ሽማግሌው እጃቸው ሲደክም ዱላው ቆመ እንጂ ተጸጽተው አልነበረም። እሷም ይህን ታውቃለች።

ነገሩ ሁሉ የፈነዳው የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው። አንድ እሑድ ዘማሪዎቹ እየዘመሩ ሳለ ከቅስቱ ጣሪያ አንድ ድንጋይ ወልቆ ወረደና የአንዲት ዘማሪ ትከሻ ላይ አረፈ። አጥንቷ ቆዳዋን ቀዶ ወጣ። ጩኸቷ ከዚያ ጣሪያ ሥር ሲያስተጋባ የሰሙ ሰዎች ዛሬም ያወሩታል። ጳጳሱ ቤቱን አሳሸጉ። መሐንዲሶች መጡ፣ ለኩ፣ ተከራከሩ። አንዱ በብረት ታስሮ ይጠገናል አለ፤ ሌላው ቢታሰርም ዕድሜ የለውም አለ። በመጨረሻ ይፍረስና አዲስ ይሠራ ተባለ።

ዲዛይኑን የሠራችው አርክቴክት ለምእመኑ ልታሳይ አዳራሽ መጣች። ከካርቶን የተሠራ ሞዴል ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ክብ ቤት ነው። ዓምድ የለውም። መሠዊያው እንደ ማዕድ መሃል ላይ ነው፤ ወንበሮቹ ዙሪያውን ከበውታል፤ ብርሃኑ ከላይ፣ ከጣሪያው ቀዳዳ ይወርዳል። ግድግዳው ልስን የሌለው ራቁት አርማታ።

«ጥንት ምእመኑ ከሩቅ የሚያይ ተመልካች ነበር» አለች። «ከሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ወዲህ ግን ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ በመሠዊያው ዙሪያ ይሰብሰብ ነው የምትለው። እዚህ ቤት ውስጥ ካህኑን ብቻ ሳይሆን እርስ በርሳችሁም ትተያያላችሁ።»

«የጎረቤቴን ፊት ለማየት ቤተ ክርስቲያን መምጣት የለብኝም!» ብሎ የተነሳው የሰፈሩ ሥጋ ሻጭ ነው። አንገቱ እንደ በሬ የወፈረ፣ ድምፁ ከቢላዋው የሚብስ ሰው ነው። «እኔ ስገባ ቀና ብዬ የማየው ከፍታ እፈልጋለሁ። ዝም የሚያሰኝ ጨለማ እፈልጋለሁ። አባቶቼ የተቀበሩት ከዚያ ነው። ይሄ ምንድን ነው? ጋራዥ! መኪናችንን እናሳድርበት?»

ከኋላ ሳቅና ጭብጨባ ተነሣ። የቤተ ክርስቲያኑ ካህን፣ አባ፣ ለማረጋጋት እጃቸውን ሲዘረጉ ሥጋ ሻጩ ጡጫውን አንስቶ ሞዴሉን ጠረጴዛው ላይ ጨፈለቀው። ከዚያ በኋላ ማን ማንን እንደመታ የሚያውቅ የለም። ወንበር በረረ፤ መስኮት ተሰበረ። ሁለት ሴቶች በፀጉር ተያያዙ። አባ መሃል ገብተው ሲገላግሉ ክርን አፍንጫቸውን መታቸው፤ ነጭ ልብሳቸው እስከ ወገባቸው በደም ራሰ። ወደ ከተማው ተመልሶ ይኖር የነበረው አርማታም አዳራሹ ውስጥ ነበር፤ አርክቴክቷን በትከሻው ከልሎ ሲያወጣት ጀርባው ላይ የወንበር እግር ተሰበረበት። ዞሮም አላየ።

የማፍረሱም የመሥራቱም ሥራ ለሚሠራበት ድርጅት ደረሰ። ፎርማኑ እሱ ሆነ። ሚስቱ፣ «ከተማው ሙሉ ሌላ ሥራ የለም?» ብትለው፣ «አለ። እኔ ግን ይሄን ነው የምፈልገው» አላት። በዚያው ሳምንት የቤታቸው መስኮት በድንጋይ ረገፈ፤ በራቸው ላይ አንድ ሰው ይሁዳ ብሎ በቀለም ጻፈ። አርማታ ቀለሙን አልጠረገውም። «የጻፈው ሰው ፊደሉን አሳምሯል» አለ።

እህቱ ግን ራሷ አስጠራችው። ልብስ በምትሰፋበት ክፍል፣ ወርቃማ ጨርቅና ክር መሃል ተቀምጣ ጠበቀችው። ማሽኑን አላቆመችም።

«እውነት ልታፈርሰው ነው?»

«እውነት ነው፣ እትዬ።»

«እማዬ የምታለቅስበት ቦታ ነው። በዓለም ላይ ሌላ ቦታ አልነበራትም። አንድ ጥግ! ያን ጥግ ልትንድባት?»

«የምትደበቅበት ነው እንጂ የምታለቅስበት አይደለም» አለ፤ ድምፁ ከፍ አለ። «ሕዝብ ሙሉ እዚያ ነበር። አንድ ሰው ፊቷን ቢያይ፣ አንድ ሰው ማን ነው እንዲህ ያደረገሽ ቢላት ኖሮ! ያ ዓምድ ከለላቸው። እሷን አልከለላትም፤ አባባን ነው የከለላቸው።»

ማሽኑ ቆመ። «አንተ ፊቷ እንዲታይ ትፈልጋለህ። እሷ ግን እንዲታይ አልፈለገችም። የሷን ፍላጎት ማን ይጠይቃት?»

«አንቺስ? ይቅር ብለሻቸው ነው የምትጦሪያቸው?»

«ይቅር አላልኩም። ዝም ነው ያልኩት። ሂድ አሁን፣ ክሩ ይበላሽብኛል።»

የማፍረሱ ቀን ማለዳ ነበር። ከውስጥ የሚወጣው ንዋየ ቅድሳት ሁሉ ወጥቷል፤ ሐውልቶቹም በብርድ ልብስ ተጠቅልለው አዳራሽ ገብተዋል። ግቢው በር ላይ ሥጋ ሻጩና ተከታዮቹ ዱላ ይዘው ቆመዋል፤ ጥቂት ፖሊሶች ፊት ለፊታቸው ተደርድረዋል። የሚያፈርሰው ማሽን፣ እስካቫተሩ፣ ሞተሩን አሙቆ ይጠብቃል። አርማታ ውስጡን ለመጨረሻ ጊዜ ልፈትሽ ብሎ ገባ። አባቱን ሦስተኛው ዓምድ አጠገብ ቆመው አገኛቸው። እህቱ ለልብሰ ተክህኖው ክፍል የያዘችውን ቁልፍ ከጓዳ ወስደው በጓሮ በር ገብተዋል። እጃቸው ላይ የጥንት መዶሻቸው አለ።

«ይውጡ፣ አባባ። ሊፈርስ ነው።»

«ከኔ ጋር አፍርሰው።»

«ይውጡ ብያለሁ።»

«አንተ ደሞ ማን ነህ የምታዘኝ? ሲሚንቶ አቡኪ! በሕይወትህ አንድ የሚታይ ነገር ሠርተሃል? ይሄን ቅጠል እይ። ይሄን መልአክ እይ። እናትህ እንኳ ቅዳሴ በመጣች ቁጥር ከዚህ ከኔ ሥራ ሥር ነበር የምትቀመጠው። ትወደው ነበር።»

አርማታ ይህን ሲሰማ ሳቀ። እንዴት እንደሳቀ ራሱም አያውቅም። ክንዳቸውን ሊይዝ አንድ እርምጃ ጠጋ ሲል መዶሻው ወረደ። ሽማግሌ ናቸው ብሎ አልጠበቀም ነበር፤ የጠራቢ ክንድ ግን አያረጅም። የትከሻው አጥንት ሲሰበር እንደ ደረቅ እንጨት ጮኸ። ግራ እጁ ተንጠለጠለ። መዶሻው ሁለተኛ ሲነሣ በቀኝ እጁ ጉሮሯቸውን ያዘና ከዓምዱ ጋር አጣበቃቸው።

«እዚህ ነበር ፊቷን የምትደብቀው!» አለ። ሕይወቱን ሙሉ አንቱ ሲላቸው የኖረ ሰው ያን ጊዜ አንቱታው ከአፉ ወደቀ። «የሰበርከውን ፊት! አንተ ከፊት ወንበር፣ እሷ እዚህ! ወደደችው ትለኛለህ? ወደደችው?»

አጥብቆ ያዘ። የሽማግሌው ዓይን ፈጠጠ፣ ምላሳቸው ወጣ፣ መዶሻው ወለሉ ላይ ወደቀ። ጫማቸው ድንጋዩን ይቧጥጣል። አርማታ ይህን ሁሉ ያያል፤ ጣቶቹን ግን አላላላም። ኋላ ሲናገር፣ «ልገድለው ነበር፤ ሌላ ስም የለውም» ብሏል።

እህቱ ቁልፏ ሲጠፋ የት እንዳለ ገብቷት እየሮጠች ደረሰች። ጩኸቷን አልሰማትም። ጥግ ላይ የተጣለ የእንጨት መቅረዝ አነሣችና የተሰበረውን ትከሻውን መታችው። አርማታ እንደ በሬ አጓርቶ ተንበረከከ። ሽማግሌው ዓምዱን ታክከው ተንሸራተቱ፤ እየሳሉ፣ አየር እየጎተቱ።

በዚያው ቅጽበት ውጭ የግቢው በር ተሰበረ። ሥጋ ሻጩ ፖሊሶቹን ጥሶ እስካቫተሩ ላይ ወጣና ሾፌሩን በአንገትጌው ጎተተው። ሾፌሩ ላለመውደቅ ያገኘውን እጀታ ሁሉ ያዘ። የማሽኑ ክንድ ተወንጭፎ የጎን ግድግዳውን በረቀሰ።

ጣሪያው መጀመሪያ አልወደቀም፤ አቃሰተ። አርማታ የሕንፃ ሰው ነውና ድምፁ ምን እንደሆነ ገባው። እህቱን በደረቱ ገፍቶ ወደ በሩ ወረወራት። ከዚያ የቅስቱ ጣሪያ ከነድንጋዩ ተናደ። አቧራው ሲወፍር ዓይንም ጆሮም የለም። ሲገለጥ እህቱ በሆዷ ተኝታ ቀኝ እጇ ከድንጋይ ሥር ነበር። አባቱ እስከ ወገባቸው ተቀብረዋል። ሦስተኛው ዓምድ ከነቅጠሉ ለሁለት ተሰብሮ አጠገባቸው ተጋድሟል።

የእህቱን እጅ በቀኝ ክንዱና በጉልበቱ ገፍቶ አወጣ። ሦስት ጣቶቿ የሉም። እሷ ግን እጇን አላየችም፤ ወደ አባቷ እያየች፣ «አውጣቸው» አለች። አርማታ ቆመ። ምን ያህል እንደቆመ እሱና እሷ ናቸው የሚያውቁት። «አውጣቸው አልኩህ!» ብላ ጮኸች።

የፌሮ ብረት አንስቶ ድንጋዩ ሥር ሰካና በአንድ እጁ መጫን ጀመረ። አልነቃነቅ አለው። ያኔ በአቧራው ውስጥ አንድ ወፍራም ሰው እየሳለ መጣና ከጎኑ ፌሮውን ያዘ። ሥጋ ሻጩ ነው። ፊቱ እንደ ኖራ ነጥቷል። አብረው ተጫኑ። ድንጋዩ ሲነሣ ሥጋ ሻጩ ሽማግሌውን በጀርባው አዝሎ ወጣ፤ ደጃፉ ላይ ፖሊሶቹ ጠብቀው ካቴና አስገቡለት።

ሆስፒታል አባትና ልጅ ጎን ለጎን ተኙ። አልጋ ጠፍቶ ነው እንጂ ማንም አስቦበት አልነበረም። የሽማግሌው ዳሌ ደቅቋል፤ ከእንግዲህ አይራመዱም። ቀናት አለፉ። አንድ ጠዋት በሻከረ ድምፅ፣ «ለምን አወጣኸኝ?» አሉት።

«እትዬ እያየችኝ ስለነበረ» አላቸው።

አዲሱን ቤተ ክርስቲያን የሠራው አርማታ ነው፤ የግራ ክንዱ ከደረቱ በላይ ሳይነሣ። አርክቴክቷ ልስን አይነካውም ስላለች ካሳፎርማው አንድ ሚሊሜትር ቢዛነፍ ለዘላለም ይታያል። ሠራተኛ የሰደበበት፣ ጣውላ በርግጫ የሰበረበት ቀን ብዙ ነው። አንዱን ግድግዳ ተሞልቶ ሲፈታ ጠማማ ሆኖ ቢያገኘው እስከ መሠረቱ ራሱ በመዶሻ አፈረሰው፤ ለማስቆም የቀረበው አልነበረም። የእንጨቱ ዓይን፣ የሚስማሩ ራስ፣ ሁሉም በአርማታው ላይ ታትሞ ቀረ። ከላይ በክቡ ቀዳዳ የሚወርደው ብርሃን መሠዊያው ላይ ሲያርፍ ሠራተኞቹ ሳያስቡት ድምፃቸውን ቀነሱ።

በተመረቀበት እሑድ እህቱ አባቷን በተሽከርካሪ ወንበር እየገፋች መጣች። ከፊት ለማስቀመጥ ብትፈልግ፣ በክብ ቤት ፊትም ኋላም የለም። የተቀመጡበት ቦታ ሁሉ ከሌላው ሰው ፊት ለፊት ነው። የሆስፒታሉ ወሬ፣ የእናቲቱ ወሬ፣ የመዶሻው ወሬ ከተማውን አዳርሶት ነበር። ካህኑ ቅዳሴ ሲጀምሩ የሕዝቡ ዓይን ሽማግሌው ላይ ነው። የሚሸሹበት ጨለማ የለም። አንዴ ወደዚህ፣ አንዴ ወደዚያ አዩ፤ በሁሉም አቅጣጫ ፊት አለ። ልጃቸውን በምልክት ጠሩት።

«አዙረኝ» አሉ በሹክሹክታ።

«ወደ ምን ላዙርዎት? ባዶ ግድግዳ ነው።»

«አዙረኝ፣ ልጄ። በእናትህ።»

በእናቱ ሲለምኑት ሰምቶ አያውቅም። ወንበሩን ይዞ አዞራቸው። ቅዳሴው እስኪያልቅ ፊታቸውን ከግድግዳው ጋር አድርገው ተቀመጡ፤ ሕዝቡ ጀርባቸውን አየ። አርማታ ይህን ቀን ሲመኝ ኖሯል። ሲያየው ግን ወጥቶ በግቢው አጥር ሥር አስመለሰ። እህቱ ተከትላው መጣች።

«አሁን ደስ አለህ?»

«አላለኝም።»

«እኔንም አላለኝም» አለችና በደህናው እጇ አፉን በመሐረብ ጠረገችለት።

ሽማግሌው ክረምቱን አልተሻገሩም። ሥጋ ሻጩ ከእስር ወጥቶ ሬሳ ሳጥኑን ከተሸከሙት አንዱ ሆነ። ዛሬም ያን ቤት ጋራዥ ነው የሚለው፤ በዝናብ ጊዜ ከቀዳዳው ጠርዝ ውሃ ሲያንጠባጥብ አርማታን ጠርቶ፣ «ፎርማን፣ ራዲያተሩ ያፈሳል» ይለዋል። አርማታም መሰላል ይዞ ይወጣል፣ እየተሳደበ።

እህቱ በግራ እጇ መስፋት ተማረች። ስፌቷ እንደ ድሮው ቀጥ አይልም፤ ካህናቱ ግን ሌላ ሰው ጋ አልሄዱም። እሑድ እሑድ ወንድሟ በሠራው ቤት አታስቀድስም። ከከተማው ወዲያ ማዶ አንድ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ ረጅም፣ ጨለማ፣ ዓምዶቹ ወፋፍራም። እዚያ ነው የምትሄደው። አርማታ መጀመሪያ ተናደደ፤ ተኮራረፉ፤ ወራት አለፉ። በኋላ አንድ እሑድ ማለዳ ጃኬቱን ደርቦ በሯን አንኳኳ። መንገዱን ሁሉ ስለ አዲሱ ማሽኗ እያወሩ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሸኛት። አውቶቡሱ ሲመጣ፣ «ስትመለሺ ምሳ እኛ ጋ ነሽ» አላትና ወደ ራሱ ቅዳሴ ሄደ።